ቦዩ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነው

በፓርቲያችን የጅማ ቅርንጫፍ ስብሰባ፣ የፈረንጅ አራዳው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሁሌም «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነው የሚገባው። አጀንዳ አንድ፣ ማህተሙ ማን ጋ ይቀመጥ። አጀንዳ ሁለት፣ ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ እነማን አልፈረሙም፣ ለምን። አንዱ «ሥነ ሥርዓት!» ይላል። ሌላው ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም ብሎ ይነሳል። ልዩ ልዩ ላይ ሳንደርስ ይመሻል። ዛሬም መሸ። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው፤ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጠብ ሁሉ ክፉ ነው ሲሉ አልስማማም። ገንዘብ ያዡን «እስቲ ሂሳቡን አሳየን» ማለት ጭቅጭቅ ቢመስልም ሥራ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ የተለያዩበት ጥያቄም ቀላል አልነበረም። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ፣ እየተቸሁ እደግፋለሁ ማለቱ ነው፤ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ። ከዚያ ክርክሩ በጥይት ሆነ፤ በመጨረሻም ደርግ ሁለቱንም በላቸው። መነሻው ግን አገር እንዴት ትመራ የሚል ነበር። የኛ ጠብ መነሻ ማህተም ነው።

የማህተም ነገር ቀልድ አይደለም እንግዲህ። አንድነትና መኢአድ የተባሉት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ለሁለት ለሁለት ሲከፈሉ፣ ምርጫ ቦርድ ጥር 2007 ላይ ከየፓርቲው ለአንዱ ወገን ብቻ እውቅና ሰጠ። ሌላው ባዶ እጁን ቀረ። ግንቦት ላይ በተደረገው ምርጫ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። የኛዎቹ ይህን አይረሱም። ፍርሃታቸው ይገባኛል።

የማይገባኝ የቤት ለቤቱ ሥራ ለምን አብሮ እንደቆመ ነው። በቀደም የሄድንበት ቤት አንዲት እናት ቡና እያፈሉ «ልጆቼ፣ እስካሁን አልታረቃችሁም እንዴ?» አሉን። ፕሮግራማችንን አያውቁም። ማን ከማን እንደተኳረፈ ግን አንድ በአንድ ነገሩን።

የሰፈራችን እድርም እኮ ይጣላል። ዳኛውና ጸሐፊው ሰላም አይባባሉም። ሰው ሲሞት ግን ድንኳኑ ይተከላል። ሬሳ ምልዓተ ጉባኤ አይጠብቅማ!

ዛሬ ቦዩ አጀንዳ አንድ ይሁን ብዬ ነበር። አጀንዳ የሚያቀርበው ሥራ አስፈጻሚው ነው ተባልኩ። ጠቡ ደግሞ ሥራ አስፈጻሚው ማን ነው የሚል ነው። ለእሁድ ከእድሩ አካፋ ተውሻለሁ። ከሁለቱም ወገን እንመጣለን ያሉ አሉ። ጎን ለጎን ይቆፍሩ እንደሆነ እናያለን።