ለቤተሰብ የሚሆን ጀልባ ስመርጥ የለካሁት

እናቴ ከባሕር ዳር መጥታ ሜሪላንድ ውስጥ አብራን መኖር ከጀመረች ወዲህ፣ ዓሣ ማጥመድ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ሆኗል። በፖቶማክ ወንዝ ዳር ቆሞ መንጠቆ የሚጥል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወጣው አምባዛ ነው፤ እርሷ ደግሞ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አትበላም፣ በድስቷም አታስገባም። ቅርፊት ያለውንና ሥጋው የሚጣፍጠውን ሮክፊሽ እንደ ልብ ለማግኘት ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ መውጣት ይሻላል፤ ለዚህም ስድስታችንን፣ ማለትም ባለቤቴን፣ ሦስቱን ልጆቻችንን፣ እናቴንና እኔን የሚይዝ ጀልባ መግዛት ነበረብን።

ክረምቱን ሙሉ ስፈልግ ቆይቼ መጨረሻ ላይ ሦስት ያገለገሉ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ቀሩኝ። ርዝመታቸው ከ17 እስከ 18 ጫማ ተኩል ነው፤ ሦስቱም ባለ 90 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላቸው፤ ሦስቱም ከነተጎታቻቸው ይሸጣሉ፤ የዋጋቸውም ልዩነት ከሁለት ሺህ ዶላር አይበልጥም። የሠሪዎቹን ስም የማልጠቅሰው፣ በአንድ ያረጀ ጀልባ ላይ ያየሁት ጉድለት ስለ አያያዙ እንጂ ስለ ፋብሪካው ብዙ ስለማይናገር ነው። በወረቀት ላይ ሳነጻጽራቸው ግን አንዱን ከሌላው የምለይበት ምክንያት አጥቼ ብዙ ሳምንት ተቸግሬ ነበር።

ልዩነቱ የገባኝ የጀልባዎቹን ሆድ ከተጎታቻቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ ነው። የመጀመሪያው ጀልባ ሆድ ሰፋ ያለና ግራና ቀኙ ዝቅ ብሎ ውኃውን በሦስት ቦታ የሚረግጥ ነው። ሁለተኛው እንደ መጥረቢያ ስለት የሾለ ነው፤ ሹልነቱም እስከ ኋላ ድረስ አይቀንስም። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለ ሲሆን ከፊት ሹል ሆኖ ይጀምርና ወደ ኋላ እየሄደ ይለዝባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅርጾች ታሪክ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኝ መሆኑን ሳነብ በጣም ተገርሜያለሁ። ሬይመንድ ሀንት የተባለው አሜሪካዊ የጀልባ ነዳፊ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ በቀረበው 13 ጫማ የቦስተን ዌለር ጀልባ ሥራ ላይ ከጀልባው ሠሪ ከዲክ ፊሸር ጋር ተሳትፏል፤ ያ ጀልባ ሰፊና በውኃ ላይ ቆሞ የማይናወጥ ነበር። እዚያው ጊዜ አካባቢ ደግሞ ያው ሀንት ሹሉን ቅርጽ ነደፈ፤ በዚህ ቅርጽ የተሠራችው ሞፒ የተባለች ጀልባም በ1960 ከማያሚ እስከ ናሶ የተደረገውን የሞተር ጀልባ ውድድር አሸነፈች። አንዱ ቅርጽ ለቆመ ጀልባ፣ ሌላው ለሚሮጥ ጀልባ የታሰበ ነው ማለት ይቻላል። የእኔ ምርጫም የሚወሰነው የእኛ ቤተሰብ ባሕር ላይ የሚቆመው ይበልጣል ወይስ የሚሮጠው በሚለው ጥያቄ መሆኑን ተረዳሁ።

ቼሳፒክ ወደ 320 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ ግን 6.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው፣ በተለይም ነፋሱና የውኃው ፍሰት ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ እርስ በርሱ እየተደራረበ ይመጣል። ጀልባዎቹን በየተራ ለመሞከር ሳንዲ ፖይንት ከሚባለው መናፈሻ ጀልባ ማውረጃ ተነሥተን ወደ ትልቁ ድልድይ ምሰሶዎች ስንሄድ፣ ሰፊው ጀልባ በእያንዳንዱ ማዕበል ላይ እየዘለለ ሲወድቅ ድንጋጤው እስከ ወገቤ ድረስ ተሰማኝ፤ እናቴም የመቀመጫውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ዝም አለች። ሹሉ ጀልባ ያንኑ ማዕበል እየሰነጠቀ ሲያልፍ ትንሹ ልጄ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ምሰሶዎቹ ዘንድ ደርሰን ሞተሩን ስናጠፋ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዓሣ በመንጠቆ ሲያዝ ልጆች ሁሉ ለማየት ወደ አንድ ጎን መሮጣቸው የማይቀር ስለሆነ፣ በየጀልባው ላይ ስድስታችንም ሆን ብለን በአንድ ጎን እንድንቆም አደረግሁ። ሰፊው ጀልባ ጥቂት ዘመም ብሎ ጸና። ሹሉ ጀልባ ጎኑ ወደ ውኃው ወርዶ ከጠርዙ እስከ ውኃው አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ሲቀር ባለቤቴ ልጆቹን ወደ ኋላ ጠራቻቸው። እኛ ወደ ድልድዩ የምንጓዘው ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ቆመን የምናጠምደው አራትና አምስት ሰዓት ነው።

እንዲህ ከሆነ ሰፊውን መግዛት ነበረብህ የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እኔም ልገዛው ተቃርቤ ነበር። ያስቀረኝ የሜትር መለኪያ ነው። የአምስት ዓመቱን ልጄን እምብርት ከወለል ስለካው 62 ሳንቲሜትር ሆነ። የሰፊው ጀልባ የጎን ግድግዳ ከውስጥ ወለሉ እስከ ጠርዙ 45 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ የሚደርሰው ጭኑ ላይ ነው፤ ጠርዙ ከወገቡ በታች የሆነ ልጅ ወደ ውጭ ሲያጎነብስ የሰውነቱ ክብደት ወደ ውኃው ያደላል። በሦስተኛው ጀልባ ይኸው ልክ 66 ሳንቲሜትር ነው። በሜሪላንድ ከ21 ጫማ በሚያንስ ተንቀሳቃሽ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመንሳፈፊያ ጃኬት የመልበስ ግዴታ አለበት፤ የእኔ ልጆች ጀልባው ቆሞም ቢሆን አያወልቁትም። ቢሆንም ጃኬት የወደቀን ልጅ ያነሣል እንጂ እንዳይወድቅ አይከለክልም።

በዚህ አገር ከ20 ጫማ በታች የሆነ ባለ ሞተር ጀልባ የሚሸከመውን የሰው ብዛትና ክብደት የሚገልጽ ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል፤ ውኃ ቢሞላበትም እንዳይሰምጥ የሚያደርግ ተንሳፋፊ ነገር እንዲኖረውም ሕጉ ያስገድዳል። ሰሌዳው ላይ ሰባት ሰው ተብሎ ቢጻፍም እኔ የተመለከትኩት ክብደቱን ነው። ባለ 90 ሞተር ወደ 160 ኪሎ ይመዝናል፤ 25 ጋሎን ቤንዚንም 70 ኪሎ ያህል ነው። በዚህ ላይ በረዶ የሞላ ሣጥን፣ መልህቅና የእናቴ የምግብ ቅርጫት ሲጨመር፣ ሰባተኛ ሰው ቀርቶ ስድስታችንም ቦታውን ሞልተነዋል።

ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ የወሰድኩት ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ በመመርመር ነው። በብዙ ያረጁ ጀልባዎች ላይ ይህ ግድግዳ በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፍ መካከል የታሸገ እንጨት ነው፤ በብሎን ቀዳዳ ውኃ ከገባበት እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ቀለሙ እንደ አዲስ ያበራል። በመዶሻ እጀታ እየቆረቆርኩ ሳዳምጥ፣ የሹሉ ጀልባ ግድግዳ ከላይ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ ወደ ታች ስወርድ የረጠበ ጆንያ የተመታ ያህል ታፈነ። በሻጩ ፈቃድ ከታች አንዲት ብሎን ስፈታ ቡና የመሰለ ውኃ በቀዳዳው ተንጠባጠበ። እናቴ በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችውና «ውኃ ጠጥቷል፤ ይኼ መድረቂያ ዳር የለውም» አለች። በጣና ዳር ያደገ ሰው የደንገል ታንኳ ውኃ ሲጠጣ እንደሚከብድና ወደ ዳር ተጎትቶ በፀሐይ እንደሚደርቅ ያውቃል። በፋይበርግላስ መካከል የታሸገ እንጨት ግን ለፀሐይ አይደርስም፤ ግድግዳውን ከፍቶ እንጨቱን መለወጥ የጀልባውን ዋጋ ግማሽ ሊፈጅ ይችላል።

ስለዚህ ሦስተኛውን ገዛሁ። በማዕበል ላይ እንደ ሹሉ አይለሰልስም፤ ስድስታችን በአንድ ጎን ስንቆምም ከሰፊው ይልቅ ያዘነብላል፤ ይሁን እንጂ የኋላ ግድግዳው በሁሉም ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጠርዙም ከልጄ እምብርት በላይ ነው። ለእናቴ የሚሆነው ከመሪው ፊት ያለው ጠባብ መቀመጫ መደገፊያ ስላልነበረው፣ ባለፈው ቅዳሜ ከማይዝግ ብረት የተሠራ መደገፊያ ገጠምኩለት፤ አራቱንም የብሎን ቀዳዳዎች ከመዝጋቴ በፊት ዙሪያቸውን ውኃ በማያስገባ ማሸጊያ ሞልቻለሁ።