የጉድጓዱን ገንዘብ ማን ይያዝ?

በገጠር የውኃ ሥራ ሪፖርቶች ላይ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ተብሎ የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ ሕዝቡ ያጓጓዘው ድንጋይና አሸዋ፣ የቆፈረው አፈርና ያጠረው አጥር በብር ተተምኖ ነው። ድካሙ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ፓምፑ ከተመረቀ ከዓመታት በኋላም ውኃ ይሰጥ እንደሆነ የሚወስነው እሱ አይመስለኝም። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በደራና በፎገራ ካየኋቸው የውኃ ተቋማት የተረዳሁት፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ገንዘቡን ማን ያዘ፣ ዕቃውንስ ማን ገዛ የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ክልላችን ሊነገር የሚገባው ልምድ አለው። በኢትዮጵያና በፊንላንድ ትብብር ይካሄድ የነበረው የገጠር ውኃ አቅርቦት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የግንባታውን ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለተጠቃሚዎቹ ለራሳቸው ማስተላለፍ ጀመረ። ማመልከቻውን የሚያቀርበው መንደሩ ነው፤ ወረዳው ካጸደቀ በኋላ የውኃ ኮሚቴው ሲሚንቶና ፓምፕ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሒሳብ ያወራርዳል፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ይቆጠባል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት አማካይነት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

«ገበሬ ይህን ያህል ብር ይዞ ምን ሊያደርገው ነው?» የሚል ሥጋት ከቢሮ ሰዎች ዛሬም ይሰማል። የእድርን ገንዘብ፣ ድንኳንና ዕቃ ሳያጎድል ሲያስተዳድር የኖረ ሕዝብ እንዲህ መጠርጠሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስቀኛል።

በአካባቢያችን የተለመደው አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት የሚሠራና የመንደር ሰው እንዲጠግነው ታስቦ የተነደፈ ነው። የፓምፑ የላይኛው ራስ በአንድ ቁልፍ ይፈታል፤ ዘንጎቹም ያለ መሣሪያ በእጅ ይነጣጠላሉ። ቶሎ የምታልቀው ፒስተኑ ላይ ያለችው ጎሚኒ ናት። ፎገራ ውስጥ ያገኘኋቸው አንዲት የኮሚቴ ገንዘብ ያዥ «ጀሪካኑ ለመሙላት ሲቆይ እሷ እንዳለቀች እናውቃለን» አሉኝ፤ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተውም ያረጀችውን አሳዩኝ፤ ሱቅ ላይ መጠኗ እንዳይሳሳት ናሙና አድርገው ያስቀመጧት ናት። ፓምፑን ባሕር ዳር መጥተው የገዙት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ስለሆኑ ሱቁንም ባለሱቁንም ያውቃሉ። ተቋራጭ ተክሎ በሄደበት ሌላ መንደር ግን በዚህችው ጎሚኒ ምክንያት ሰዉ ክረምቱን ሙሉ ወደ ወንዝ ተመልሶ ነበር፤ የት እንደምትሸጥ የሚያውቅ አልነበረምና።

ገንዘቡ በኮሚቴው እጅ መሆኑ የቁፋሮውን ጊዜም ይለውጣል። በፎገራ ሜዳ ኅዳር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ቶሎ ውኃ ያወጣል፣ ሚያዝያ ላይ ግን ይደርቃል፤ ስለዚህ የአገሩ ሰው የሚመርጠው ውኃው እጅግ በሚወርድበት በመጋቢትና በሚያዝያ መቆፈርን ነው። ሰኔ 30 በጀቱ ሳይዘጋ ሥራውን ለመጨረስ የሚጣደፍ ጽሕፈት ቤት ይህን ሁልጊዜ አይጠብቅም። የጉማራና የርብ ወንዞች ሲሞሉ ጎርፉ እስከ የት እንደሚደርስ፣ የጉድጓዱ አፍም ምን ያህል ከፍ ብሎ መገንባት እንዳለበት የሚጠቁሙትም እዚያው የሚኖሩት ናቸው።

ለጥገና የሚዋጣውን ገንዘብ በተመለከተ፣ በየወሩ መሰብሰብ ለገበሬ አይመችም፤ እህል ከተወቃ በኋላ አንዴ የሚከፈለው ይሻላል፤ የጉድጓዱ ዘበኛ ደመወዝም በእህል ቢሆን ነውር የለበትም። የኮሚቴዎቹ ትልቁ ድክመት ከዓመታት በፊት የተወሰነውን መዋጮ አለመከለሳቸው ነው፤ የመለዋወጫ ዋጋ ሲጨምር የመዋጮው ልክ ባለበት ይቆያል። ሴቶችም በኮሚቴው ውስጥ በቁጥር አሉ፤ ስብሰባው ግን የሚጠራው እነሱ ውኃ በሚቀዱበት ወይም እንጀራ በሚጋግሩበት ሰዓት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ተሳትፎን ሽፋን አድርጎ ሁሉንም ሸክም በመንደሩ ላይ መጫን አግባብ አይደለም። የኮሚቴ ቁጠባ ጎሚኒና ዘንግ ይገዛል እንጂ የተናደ ጉድጓድ መልሶ አይገነባም፣ የውኃውንም ጥራት አያስመረምርም። ይህ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ድርሻ ነው፤ ለባለሙያው ሞተር ብስክሌትና ነዳጅ መመደብም ከዚሁ ይቆጠራል።