ልምምድ ምን ይመረቃል? የክለብ የማኅበረሰብ ሥራ ለምትጀምሩ

በብዙ ክለቦች የማኅበረሰብ ጉዳዮች ክፍል ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሠራተኛና ካለፈው የውድድር ዓመት የተረፉ ማሊያዎች ማለት ነው። እኔም የተረከብኩት ይህንኑ ነው። የተሰጠኝ ሥራ በስታዲየሙ ዙሪያ ለሚኖሩ ልጆች በየሳምንቱ ነፃ ልምምድ ማዘጋጀት ነበር። ዛሬም እየሠራሁት ነው፤ እኮራበታለሁም። ግን ስለ ምረቃ ሥነ ሥርዓት አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አጥቼ ብዙ ተቃጥያለሁና ቢያንስ እናንተ ስሙ።

ቀላል ቀላሉን ልጨርስ። አሰልጣኝ አያስቸግርም፤ የወጣት ቡድኑ ረዳት አሰልጣኞች ፈቃደኞች ናቸው። ከዋናው ቡድን የሚተርፈው ኳስ 5 ቁጥር ስለሆነ ለትንንሾቹ አይሆንም፤ 3 እና 4 ቁጥር አስገዙ። የወላጅ ፈቃድ ቅጽ ላይ የሕፃኑን የጤና ሁኔታና የሚደወልበትን ስልክ አስሞሉ። የፎቶ ፈቃዱን ግን ለብቻው አድርጉት፤ ልጄ ይጫወት ያለ ወላጅ ሁሉ ልጄ ማስታወቂያ ላይ ይውጣ አላለም። አንድ አሰልጣኝ ብቻውን ከልጆች ጋር አይቆይ፤ ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ። ይኸው ነው።

ጣጣው የመጣው ከሜዳው ነው። የመረጥነው ሜዳ የትምህርት ቤት ነበር። ርእሰ መምህሯ በደስታ ተቀበሉን፤ «ከበላይ ደብዳቤ ብቻ አምጡልኝ» አሉ። ደብዳቤውን የሚጽፈው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ማመልከቻዬን አንብበው ፈገግ አሉና፣ «ይሄማ ትልቅ ሥራ ነው፤ እንዲህ ዝም ብሎ ይጀመራል እንዴ? በደመቀ ሁኔታ ይመረቅ እንጂ» አሉኝ። ልምምድ ምን ይመረቃል? ሕንፃ አይደል፣ ድልድይ አይደል። ደብዳቤው ግን ከምረቃው ጋር ታሰረ። ባነር ይሰቀል፣ የክብር እንግዳ ይጠራ፣ ስማቸው የገነነ ተጫዋቾች ይገኙ፣ ኳሶቹም በይፋ ይረከቡ ተባለ። የክለባችን ሕዝብ ግንኙነት ይህን ሲሰማ ከመሥሪያ ቤቱ ብሶ ቁጭ አለ። የመጨረሻው ሰሚ ዋናው አሰልጣኝ ነበሩ፤ ቀኑ የዋለው ደግሞ በጨዋታ ማግስት ነው። ተጫዋቾቹን ለአንድ ሰዓት ብቻ ለቀቁልን፣ ያውም እየተነጫነጩ። ስለ እውነት ከሆነ አልፈርድባቸውም፤ በጨዋታ ማግስት ማገገም ያለበትን እግር ሜዳ ዳር ለንግግር የሚያስቆም ማን አሰልጣኝ ነው?

ልጆቹ ከሰዓታቸው ቀድመው ደረሱ። የክለቡ አርማ ያለበት ቲሸርት ታደላቸው፤ መጠኑ የአዋቂ ስለነበር ትንንሾቹን እስከ ጉልበታቸው ይደርስ ነበር። ከዚያ ተሰለፉ። ፀሐዩ ላይ። ተጫዋቾቹም በሰዓቱ መጡ፤ የክብር እንግዳው ስላልደረሱ ግን ከአውቶቡስ እንዳይወርዱ ተነገራቸው። ልጆቹ በመስታወት እያዩአቸው እጃቸውን ሲያውለበልቡ፣ ቡድን መሪው በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ኳሶቹ መረብ ውስጥ እንደታሰሩ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ አሰልጣኛችን ልጆቹ እስኪጀመር ቢያሟሙቁ ብሎ መረቡን ሊፈታ ጎንበስ ሲል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እጁን ያዘው። «ርክክብ ሳይፈጸም አይፈታም!»

እንግዳው መጡ፤ ንግግር ተደረገ። ሌላ ንግግር ተደረገ። በሁለተኛው ንግግር መሐል የተጫዋቾቹ ሰዓት አለቀና አውቶቡሱ ሄደ። ከፊት የቆመ አንድ ልጅ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ኳሱን መቼ ነው የምንመታው?» አለኝ። አሁን ልል አፌን ስከፍት የርክክብ ቅጹ ላይ መፈረም የነበረባቸው ሰው ቀድመው መውጣታቸው ተነገረኝ። ፊርማ ስለሌለ ኳሶቹ ከነመረባቸው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ተቆለፈባቸው። በዚያን ቀን አንድም ልጅ ኳስ አልነካም። ፎቶው ግን ያምር ነበር። ሪፖርቱም ወጣ፤ ቲሸርት የለበሰው ሁሉ «ተጠቃሚ» ተብሎ ተቆጥሯል።

በሚቀጥለው ሳምንት ብዙዎቹ ቀሩ። ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ «ዛሬም ስብሰባ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው። የቀሩትን ልጆች ለመመለስ የወሰደብን ጊዜ ፕሮግራሙን ከማዘጋጀቱ ይበልጣል።

መመሪያዎቹ በመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ጀምሩ፣ ሚዲያ ጥሩ፣ የታወቀ ፊት አቅርቡ ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። በጸጥታ ጀምሩ። ማመልከቻችሁ አንድ ገጽ አይለፍ፤ የትኛው ሜዳ፣ ምን ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ልጅ ቢጎዳ ማን ተጠያቂ ነው፣ በሩን ማን ይዘጋል፤ በቃ። ራእይና ዓላማ የሚል ክፍል ከጨመራችሁ ምረቃ እየጋበዛችሁ ነው። በዓል የግድ ከሆነ በውድድር ዓመቱ መጨረሻ ይሁን፤ ያኔ ቢያንስ ልጆቹ የሚያሳዩት ጨዋታ ይኖራቸዋል። ስፖንሰሩም ባነሩን ያኔ ይስቀል።

ተጫዋች የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ዋናውን አሰልጣኝ አናግሩ፤ ሕዝብ ግንኙነት ይቆይ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መደበኛ የተጫዋች ውል ውስጥ ተጫዋቹ ለማስተዋወቅና ለማኅበረሰብ ሥራ በሳምንት እስከ 6 ሰዓት ክለቡ በሚፈልገው ቦታ እንዲገኝ የሚያስገድድ አንቀጽ አለ፤ ግማሽ ያህሉ ለማኅበረሰብና ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ ነው። የእናንተ ክለብ ውል ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ በልመና ትኖራላችሁ። ሌላው ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ ምርጡ እንግዳ ኮከቡ ሳይሆን ጉዳት ላይ ያለው ተጫዋች ነው። ጊዜ አለው፣ ከሜዳ መራቁ አሰልችቶታል፣ ልጆች ሲከቡት ፊቱ ይፈታል። የእኛ አንድ ተከላካይ በክራንች እየመጣ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የልጆቹን አቋቋም ያርም ነበር። ካሜራ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ልጆቹ ይመጣ ይሆናል ብለው በየሳምንቱ ይጠብቁታል፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም።

ኮከብ የግድ አለመሆኑን የስኮትላንዱ «ፉትቦል ፋንስ ኢን ትሬኒንግ» ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 ለሆነ፣ ክብደት ለበዛባቸው ወንዶች በየክለቡ ለ12 ሳምንት የተሰጠ የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጥናት 13 ክለቦችና 747 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከዓመት በኋላ ፕሮግራሙን የወሰዱት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት አብልጠው ቀንሰዋል። ያስተማሯቸው የክለቦቹ የማኅበረሰብ አሰልጣኞች ናቸው። ሰዎቹን የሳባቸው የሚደግፉት ክለብ ቤት መግባታቸው ነበር። እኛም ይህን ካየን በኋላ ልጆቹን አልፎ አልፎ በተጫዋቾች መግቢያ አስገብተን መልበሻ ክፍሉን እናሳያቸዋለን። ወጪው ቁልፍ የያዘውን ሰው ማስፈቀድ ብቻ ነው።

ሪፖርት ላይ ስንት ሰው መጣ የሚለውን መሙላቴን አልተውኩም፣ ስለሚጠይቁኝ። ለራሴ የምይዘው ግን የስም መዝገብ ነው፤ ባለፈው ወር የነበረው ልጅ ዛሬ አለ ወይ? ከቀረ አሰልጣኙ ቤቱ ይደውላል። አንዳንዱ ታሞ ነው፣ አንዳንዱ ታኬታው ጠቦት አፍሮ ነው የሚቀረው። ለዚህ ብለን ያገለገለ ታኬታ በየቁጥሩ የሚቀመጥበት ሣጥን አዘጋጅተናል፤ ልጁ ማንንም ሳይጠይቅ አንሥቶ ያደርጋል።

ዘንድሮም ከዚያው መሥሪያ ቤት የአዲሱን ዓመት ፕሮግራም መቼ እንደምናስመርቅ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጥቶልኛል። ልምምዱ መጀመሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሼ፣ መጥተው ቢያዩ ደስ እንደሚለን በጽሑፍ መለስኩ። እስካሁን የመጣ የለም።