ጓሮዬ የገባችው እናት

ዛሬ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዶሮዎቼ ሲንጫጩ ብንን ብዬ ተነሣሁ። እዚህ ሜሪላንድ ጓሮዬ ውስጥ ስድስት ዶሮዎች አሉኝ። ባትሪ ይዤ ስደርስ እንቁላል የሚጥሉበት ሣጥን ውስጥ ፖሰም የምትባል፣ ድመት የምታክል የዱር እንስሳ ቁጭ ብላለች፤ አፏ አስኳል በአስኳል ሆኗል። መጥረጊያውን ሳነሣ ክልትው አለች። አፏ ተከፍቶ፣ ምላሷ ወጥቶ፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ፣ የሚከረፋ ሽታ ለቀቀች። ሳልነካት የሞተች መስሎኝ ክው አልኩ።

ጠጋ ብዬ ሳያት ሆዷ ላይ ያለው ከረጢት ይንቀሳቀሳል። ልጆች አሏት! ፖሰም እንደ ካንጋሮ ልጆቿን በከረጢት ነው የምታሳድገው። የሞተች የምትመስለውም አስባበት አይደለም፤ ስትደነግጥ ሰውነቷ በራሱ ይዝለፈለፋል። በሩን ክፍት ትቼላት ወጣሁ። ከ40 ደቂቃ በኋላ መጀመሪያ ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቀስ ብላ በአጥሩ ሥር ሄደች።

ለእማዬ በስልክ ስነግራት “ሸለምጥማጥ ነው እንዴ? ታዲያ ለቀቅሽው?” ብላ ተቆጣች። አልፈርድባትም፤ ሸለምጥማጥ በአንድ ሌሊት ስንት ዶሮ እንደሚፈጅ አገር ቤት አብረን አይተናል። ፖሰምም ጫጩት ካገኘች አትምርም። ግን የገባችው እኔ በተውኩት ክፍተት ነው። ቀዳዳው ሰፊ የሆነው ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮን እንዳትወጣ ይይዝ እንደሆነ እንጂ አውሬ አይመልስም። ቀኑን ሙሉ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነ ጠንካራ ሽቦ ስመታ ዋልኩ፤ ከበሩ ሥርም ጣውላ ጨመርኩ። እንቁላሉን ሳይመሽ ለቀምኩ፣ መኖውንም በርሜል ውስጥ ከደንኩት።

አሁን ስድስቱም ቆጥ ላይ ናቸው። ያቺ እናት ልጆቿን ይዛ ዛሬ የት ታድር ይሆን?