ከእንጦጦ ጀርባ ኤፍ ኤም መያዝ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሱሉልታ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ከአዲሱ ገበያ የተነሳው ታክሲ አቀበቱን እስኪጨርስ ሬዲዮው ጥርት ብሎ ይሰማል። ቁልቁለቱን ሲይዝ ሸገር 102.1 መቆራረጥ ይጀምራል፣ ሾፌሩም ተናዶ ፍላሽ ይሰካል። ጥፋቱ የጣቢያውም የሬዲዮኑም አይደለም፣ የተራራው ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ አይመለስም፤ ማሰራጫውና መቀበያው ቢተያዩ ይመረጣል። ፉሪ ተራራ ላይ ባሉት የጣቢያዎቹ ማሰራጫ ማማዎችና በእኔ ግቢ መካከል ግን ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር የሚያልፈው እንጦጦ ተጋድሟል። ለእኛ የሚደርሰን ጫፉን ታክኮ የታጠፈው፣ ከዚህም ከዚያም እየተላተመ የመጣው ፍርፋሪ ነው።

አንቴና ከመሥራቴ በፊት ቤቱን ፈተሽኩ። የምጠቀምበት ቴክሰን ሬዲዮ የሞገዱን ጉልበትና ከሹሽታው ምን ያህል እንደሚበልጥ በቁጥር (በዲሲቤል) ስለሚያሳይ ግምት አያስፈልገኝም። ሬዲዮኑን በባትሪ ከፍታችሁ ቆጣሪውን አጥፉት። የእኔ ቤት ሹሽታ ወዲያው ወረደ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስኩ ስሄድ ዋናዎቹ አስቸጋሪዎች የሳሎኑ ኤልኢዲ አምፖልና አንድ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሆነው ተገኙ። ሁለተኛው ቀላል ነገር ስቴሪዮን አጥፍቶ በሞኖ መስማት ነው። ስቴሪዮ ደካማ ሞገድ ላይ ሹሽታውን ያበዛዋል፤ ለወሬና ለስፖርት ደግሞ ስቴሪዮ ምን ያደርጋል?

አንቴናው ዳይፖል፣ ማለትም ሁለት እኩል ክንድ ያለው የሽቦ አንቴና ነው፣ ወጪውም የለውም ማለት ይቻላል። 143ን በሜጋኸርዙ ስታካፍሉ ጠቅላላ ርዝመቱን በሜትር ይሰጣችኋል፤ ለ102.1 ወደ 1 ሜትር ከ40 ይመጣል፣ ማለትም ሁለት ባለ 70 ሳንቲም ሽቦ። ከዲሽ የተረፈ ኬብል ካላችሁ እሱው ይበቃል። የዳይፖል መሃል ወደ 73 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስለሆነና የዲሽ ኬብል 75 ኦም ስለሆነ ይግባባሉ። የኬብሉን መሃል ሽቦ ከአንዱ ክንድ፣ ዙሪያውን ያለውን የሽቦ መረብ ከሌላው ጋር በየድኩ፤ መጋጠሚያውን ውሃ እንዳይገባው በቴፕ ጠቀለልኩት። እኔ ጋ በአግድም ከማንጠልጠል በቁም ማቆም ይሻላል። የመኪና አንቴና ቀጥ ብሎ የሚቆም ስለሆነ ብዙ ጣቢያዎች በቁምም ይልካሉ፤ የእናንተን ሁለቱንም ሞክሩት።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን የቦታው ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ «ከፍ አድርገህ ስቀለው» ይላል፤ እኔም በረጅም የባህር ዛፍ እንጨት ላይ አስሬ ነበር የጀመርኩት። ሞገዱ በብዙ አቅጣጫ ተንጸባርቆ ሲመጣ አንድ ቦታ ላይ ይደጋገፋል፣ ትንሽ አለፍ ብሎ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጥሩው ቦታ ወደ መጥፎው የሚወስደው አንዳንዴ 75 ሳንቲም ብቻ ነው። እንጨቱን ይዤ በግቢው ውስጥ በዝግታ ስራመድ፣ ከኩሽናው ጥግ ላይ «ሰ» እና «ሸ» የሚሉት ድምፆች እየተሰባበሩ ይመጡ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ስጠጋ ያው ጋዜጠኛ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ጠራ። በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ደግሞ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ነው! ጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ካሳጠረ በኋላ ምርጡ ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ስላለ፣ እንጨቱን ሲሚንቶ ውስጥ ለመትከል አልቸኮልኩም። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ለምትሰሙ ደግሞ ሬዲዮኑን ወደ መስኮት ማስጠጋት ከአዲስ ሬዲዮ ይሻላል።

አሁን ፋና 98.1 እና ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ያለ ችግር ይገባሉ፣ ሸገር ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ብስራት 101.1 ግን ገና ያንገራግራል። ቀጣዩ ባለ ሦስት ዘንግ ያጊ ነው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ። የምጠይቃችሁም እሱን ነው፦ ወደ ፉሪ ልመልሰው ወይስ ሞገዱ ተላትሞ ወደሚመጣበት ወደ ሌላው ተራራ? ከእንጦጦ ወዲህ ሆናችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።