«ከእኛ ሌላ ማን እየረዳዎት ነው?»

ልጁ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ሽታው ገና ከበሩ ደረሰኝ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አሴቶን የሚመስል ሽታ ነው። ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ነበር፤ ዳገት ሮጦ የወጣ ይመስላል። ዕድሜው 13 ነው። ጣቱን ወግቼ ስኳሩን ለካሁ። መሣሪያው ቁጥር አላወጣም፤ «ሃይ» ብቻ አለ። የእኛ መሣሪያ እንዲህ የሚለው ስኳሩ ከ600 ሲያልፍ ነው።

ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ያቅተውና ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ከስቡ የሚወጣው ኬቶን ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ሽታውም አተነፋፈሱም ከዚያ የሚመጣ ነው። በጊዜ ካልተደረሰለት ይገድላል።

ልጁ የስኳር ሕመምተኛ መሆኑን አውቃለሁ። «የኢንሱሊን መርፌውን በአግባቡ እየወሰደ ነው?» አልኳቸው አባቱን።

«አዎ ሲስተር። አንድም ቀን አላለፈውም።»

ይህን ሲሉ የሚያዩት መሬቱን ነበር።

ፈሳሽ ተጀመረለት፤ ቀጥሎ ኢንሱሊን። በየሰዓቱ ጣቱን እወጋለሁ፤ በየሰዓቱም ስሙን እጠይቀዋለሁ። እንዲህ በታመሙ ልጆች ላይ አልፎ አልፎ አንጎል ሊያብጥ ስለሚችል፣ አመላለሱን መከታተል ግድ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ምክንያት ፍለጋ ገባ። መርፌው ካልተቋረጠ የሆነ ኢንፌክሽን ይኖራል ማለት ነው። ደም ተቀዳ፣ ሽንት ተመረመረ፣ ራጅ ተነሣ። ምንም የለም።

ሊነጋጋ ሲል ልጁ ነቃ አለ። አባቱ ኮሪደሩ ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። «ሲስተር፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መርፌውን ከተውን 8 ቀናችን ነው። አባዬ እንዳትናገር ብሎኛል።»

«ለምን?»

«ይስቁብናል ብሎ ነዋ።»

ማን እንደሳቀባቸው ወዲያው ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ።

ከአንድ ወር በፊት ለክትትል መጥተው ነበር። አባትየው ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። «ሲስተር፣ የመፈወስ ጸጋ ያለው ሰው ጸለየለት። ስኳሩ ወረደ እኮ!» ብለው ደብተራቸውን ዘረጉልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቁጥሮቹ ወርደዋል። አጠገቤ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ አፏን በእጇ ሸፈነች። እኔም ፈገግታዬን መያዝ አቃተኝ። «ጋሼ፣ እዚህ የምናወራው ስለ መድኃኒት ነው» ብዬ ቀጣዩን ተረኛ ጠራሁ። ደብተራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ያኔ 5 ደቂቃ ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም የጫጉላ ጊዜ የሚባል ነገር አለው። ሕመሙ ታውቆ ኢንሱሊን ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የተረፉት ኢንሱሊን የሚያመነጩ የቆሽት ሕዋሳት ትንሽ ያንሰራራሉ። ስኳሩ ይወርዳል፤ የመርፌው መጠን ይቀንሳል። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ያልፋል። ለዚህ ልጅ ያ ጊዜ ሲመጣ፣ የጸሎቱም ቀን እዚያው ላይ ገጠመ። አባትየው ያዩትን ነው ያመኑት። ያየነውን የመተርጎም ሥራ የእኛ ነበር፤ እኛ ስንተወው ሌላ ሰው ተረጎመላቸው። ቁጥሩ ሲወርድ ያ ሰው «ድኗል፤ መርፌውን መቀጠል አለማመን ነው» አላቸው።

ጠዋት ርክክብ ላይ ወሬው ሲወጣ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሐኪሙ ተናደደ። «አባትየው ይጠየቁ» አለ። አንዷ ነርስ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «እኔም እናቴን ለወገቧ ሕመም እንዲህ ያለ ሰው ጋ ወስጃታለሁ፤ ተሽሏት ነበር» አለች። ማንም አልመለሰላትም። እኔ ግን ስታስበው ኖሮ ያልተናገረችው ነገር እንደሆነ ገባኝ። የወገብ ሕመም ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰው እርዳታ ፍለጋ የሚወጣው በባሰበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መለስ ማለቱ አይቀርም። እጁን ጭኖ፣ ስምህን ጠርቶ፣ የሚያዳምጥህ ሰው ማግኘትም ሕመምን ያቀላል። ይሄ ውሸት አይደለም። ደግሞም ወጥቶ የሚመሰክረው የተሻለው ሰው ነው፤ ላልተሻለው ማይክ አይሰጠውም። የኢንሱሊን እጦት ግን ሰው ስላዳመጠህ አይሞላም።

አባትየውን ያናገረቻቸው ነባሯ ሲስተራችን ናት። እኔም አብሬ ገባሁ። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ከእኛ ሌላ ማን እየረዳዎት ነው?»

ዝም አሉ። እሷም ዝም አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገሯት። ፊቷ አንድም ጊዜ አልተለወጠም። ሲጨርሱ፣ «ስለ ልጅዎ የሚጸልይ ሰው መኖሩ ጥሩ ነው» አለቻቸው። ቀጥላ አንድ ታሪክ ነገረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልሠራም። ከ12 ቀን በኋላ በተሻለ የተጣራው ሲሰጠው ስኳሩ ወረደ። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዛቸው ልጆች አብዛኞቹ በወራት ወይም በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር።

«የእነዚያም ልጆች ወላጆች ይጸልዩ ነበር ጋሼ። እንደ እርስዎ ያለቅሱ ነበር። ያልነበራቸው ይሄ ነው» ብላ ብልቃጡን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

ብልቃጡን ጨብጠው አለቀሱ። እኔም ያን ቀን ስለ ሳቅሁባቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምንም አይደል» አሉኝ። ምንም እንዳልሆነ ግን አላምንም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋን የራሴ አድርጌዋለሁ። ለእያንዳንዱ ታካሚ አነሣዋለሁ፤ ስጠይቅም ከወረቀቱ ቀና እላለሁ። የምሰማው ነገር ብዛት ያስደነግጠኛል። የግፊት መድኃኒቷን ያቆመች እናት አለች። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን «ለሙከራ» የተወ ወጣት አለ። ቀድሞም ነበሩ ማለት ነው፤ የማይነግሩን እኛን ፈርተው ነው። «ጸልዩ» የሚል ሰው ጋ እኔ ጠብ የለኝም። «መድኃኒቱን ጣሉ» የሚለው ጋ ግን አለኝ፤ ያንንም ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ።

ባለፈው ክትትል አባትና ልጅ መጡ። ደብተሩ ተሞልቷል፤ በእያንዳንዱ ቀን የስኳሩ ቁጥር፣ የመርፌው መጠን አለ። አንዳንዱ ቀን ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት አየሁ።

«ይቺ ምንድን ናት ጋሼ?»

«ለጸሎት የሄድንበት ቀን ናት፤ ሌላ ቦታ ነው አሁን» አሉ። ትንሽ አመነቱና ጨመሩ። «ያ ሰውዬ ደውሎ ነበር። መርፌውን እንደጀመረ ስነግረው ስልኩን ዘጋብኝ።»

ልጁ ሸሚዙን ገልቦ የተወጋበትን ቦታ እያሳየኝ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚወጋ ቆዳው አብጧል። ወንበሬን ሳብኩና ቦታ እየቀያየረ እንዴት እንደሚወጋ ለሁለቱም አሳየኋቸው።