ለሻይ ስትነሱ ሰዓት ቆጣሪው ምን ያያል?

ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ጠዋት ከቤቱ የሚሠራ ሰው ጣቱ እስኪፍታታ ድረስ ኪቦርዱን ቀስ እያለ ነው የሚነካው። አለቃው አዲስ አበባ ወይም ለንደን ተቀምጦ ውርጩን አያየውም። የሚያየው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ሰዓት ቆጣሪ ፕሮግራም የሚያወጣውን «እንቅስቃሴ፦ 24 በመቶ» የሚል ቁጥር ነው። «ምን ሆነህ ነው?» የሚል መልእክት ይከተላል፤ ሰውየው ሻይ ሊቀዳ የተነሳባትን ደቂቃ እያሰበ ይሳቀቃል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የገባው ሰው አይሳቀቅም፤ ስለዚህ ከሒሳቡ እንጀምር።

ለውጭ አገር ደንበኛ የሚሠሩ ሰዎች ከሚገጥሟቸው ሰዓት ቆጣሪዎች መካከል አፕወርክና ሃብስታፍ ይገኙበታል። ሁለቱም ጊዜውን በ10 ደቂቃ በ10 ደቂቃ ይቆራርጡታል። አፕወርክ በሰዓት 6 ስክሪንሾት (የስክሪኑን ምስል) ያነሳል፤ በየ10 ደቂቃው አንድ ማለት ነው፣ በየትኛዋ ደቂቃ እንደሚያነሳ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ኪቦርድና ማውስ ስንት ጊዜ እንደተነካ ይቆጥራል እንጂ የጻፋችሁትን ፊደል አይመዘግብም። ሃብስታፍ ደግሞ 10 ደቂቃውን 600 ሰከንድ አድርጎ ይይዝና እጃችሁ የነካባቸውን ሰከንዶች በመቶኛ ያወጣል። 240 ሰከንድ ነክታችሁ ከሆነ 40 በመቶ ነው።

አሁን ልማዳችሁ 40 በመቶ ነው እንበል። በአንዱ 10 ደቂቃ መሃል ለ4 ደቂቃ ተነስታችሁ ሻይ ቀዳችሁ። የቀራችሁ 360 ሰከንድ ነው፤ የዚያ 40 በመቶ 144 ይሆናል፤ 144 ለ600 ሲካፈል 24 በመቶ። ያ ነው ከላይ ያየነው ቁጥር። ሌላው ሠራተኛ ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሳ 30 ገጽ ውል ያነባል። በየ30 ሰከንዱ ማውሱን አንዴ ቢያሽከረክር በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚያዝለት 20 ሰከንድ ብቻ ነው፤ 3 በመቶ። ሻይ የቀዳው 24፣ ሥራው ላይ አፍጥጦ የተቀመጠው 3። ኪቦርዱን ለጨዋታ የሚደበድብ የሁለት ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ካለማ ከሁለቱም በልጦ ይገኛል።

ስለዚህ አለቃ ስለ ቁጥሩ ሲጠይቅ «እየሠራሁ ነበር» ብሎ መማል ዋጋ የለውም። የሚጠቅመው አስቀድሞ በሰዓት ቆጣሪው የማስታወሻ ቦታ ላይ ሥራውን በስሙ መጻፍ ነው፦ «ውሉን ማንበብ፣ ከገጽ 12 እስከ 30»። ማስታወሻው «ሥራ» ብቻ ከሆነ 3 በመቶው ስንፍና ይመስላል። ገጹ ከተጻፈ ግን ስክሪንሾቱ ራሱ ምስክር ይሆናል፤ ሰነዱ ተከፍቶ፣ ገጹ እየተቀየረ ይታያላ።

እረፍቱን በተመለከተ፣ የሚያስኬደው ድንበር 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ በታች ለሆነ ነገር፣ ውሃ ለመቅዳት፣ በር ለመክፈት፣ ወገብ ለማፍታታት፣ ሰዓቱን ማቆም ትርፉ ድካም ነው። ሃብስታፍ አስተዳዳሪው በመረጠው ልክ 5፣ 10 ወይም 20 ደቂቃ ምንም ሳይነካ ሲቀር ስትመለሱ «ይህን ጊዜ ልያዘው ወይስ ልሰርዘው?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንጀራው እጁ ላይ እንዳለ በችኮላ «ያዘው» ይላል፣ የ40 ደቂቃ ምሳ እንደ ሥራ ይቆጠራል፣ በወሩ መጨረሻ ደንበኛው ባዶ ስክሪንሾቶችን ይደረድርለታል። ከ5 ደቂቃ በላይ የምትቆዩ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ሰዓቱን አቁሙ፣ ስክሪኑን ቆልፉ (የዊንዶውስ ቁልፍና ኤል አንድ ላይ)፣ ከዚያ ተነሱ። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ የምትሰርዙትም የምታስረዱትም ነገር አይኖርም።

ቡና የተለየ ጉዳይ ነው። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ጎረቤት ደግሞ «ቤት ነሽ አይደል?» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ቤት መሆን ሥራ ፈት መሆን የሚመስለው ሰው አሁንም ብዙ ነው። ሲጠሩ መቅረት ነውር ነው፣ እስከ በረካ መቀመጥ ደግሞ ሰዓቱን ይበላል። አቦሉን ጠጥቶ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መነሳት ያስኬዳል፤ ቡናው ሊቀርብ ሲል እንዲጠሯችሁ ማስለመድ ግን የተሻለ ነው፤ ከመቁላቱ ጀምሮ አብሮ መቀመጥ ሲቀር 20 ደቂቃ ይበቃል። ለቅሶ ሲሆን ይህ ሁሉ አይሠራም። ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን ያስፈልጋል፣ አስቀድሞም አይታወቅም። ለውጭ አለቃ ሥራ ስትጀምሩ አንድ ጊዜ አስረዱት፦ የጎረቤት ሞት እዚህ የቤተሰብ ያህል ግዴታ እንዳለው፣ በዚያ ቀን መልእክት ልካችሁ እንደምትጠፉ፣ ሰዓቱንም በሳምንቱ ውስጥ እንደምታካክሱ።

ጾምም ሰዓት ያዛውራል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 6 ሰዓት ላይ የምሳ እረፍት ቢሰጠው ምን ያደርግበታል? ለንደን ካለ ቢሮ ጋር ለሚሠራ ሰው ግን ነገሩ በራሱ ይገጥማል፤ በክረምታቸው የለንደን እኩለ ቀን የኛ 9 ሰዓት ነው። በመጋቢት መጨረሻ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ እኩለ ቀናቸው የኛ 8 ሰዓት ይሆናል። ያን ሳምንት ምሳውንም ስብሰባውንም እንደገና መነጋገር ነው። የሰዓት አጠራራችንማ የታወቀ ነው፤ «3 ሰዓት» የሚል መልእክት ለኛ ጠዋት፣ ለእነሱ ከሰዓት በኋላ ነው። በጽሑፍ ሁሉንም በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) አስቀምጡ፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። አፕወርክም ሳምንቱን የሚዘጋው በዩቲሲ እሑድ እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በኛ ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት።

ማይክሮሶፍት ቲምስን (የቢሮ መልእክትና ስብሰባ ፕሮግራም ነው) የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ሌላ ዓይነት ጣጣ አለው። ቲምስ 5 ደቂቃ ካልነካችሁት፣ ስክሪኑን ስትቆልፉ ደግሞ ወዲያውኑ፣ ከስማችሁ ጎን ያለችውን አረንጓዴ ምልክት ቢጫ ያደርጋታል። ቢጫ ማለት ኮምፒውተሩ አልተነካም ማለት ብቻ ነው፤ በወረቀት ላይ ስትሥሉም፣ በስልክ ከደንበኛ ጋር ስታወሩም ቢጫ ናችሁ። መፍትሔው የሁኔታ መልእክት መጻፍ ነው፦ «ከ4:30 እስከ 4:50 እረፍት ላይ ነኝ፤ አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ»። የመመለሻው ሰዓት መኖሩ ነው ዋናው። መመለሻ የሌለው «እረፍት ላይ ነኝ» ለአለቃ ከዝምታ አይሻልም።

ሶፍትዌር የማይገዙ የአገር ውስጥ ቢሮዎችም አሉ፤ ቴሌግራም ይበቃቸዋል። ጠዋት ግሩፑ ላይ «ገብቻለሁ»፣ ማታ «ወጥቻለሁ»፣ በመሃል አለቃው «መጨረሻ የታየው» የሚለውን እያየ ይውላል። ይህ ከሁሉም የከፋ መለኪያ ነው። ቴሌግራም የከፈተ ሰው ሥራ ላይ አይደለም፣ ያልከፈተም አልተኛም። ግላዊነት በሚለው ቅንብር ውስጥ «መጨረሻ የታየው» የሚለውን ለማንም እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፤ የደበቃችሁበትን ሰው እናንተም አታዩትም። በድንገት መደበቅ ግን ጥርጣሬ ይጋብዛል። መጀመሪያ ተነጋግራችሁ አንድ ደንብ ያዙ፤ ለምሳሌ ያመለጠ ስልክ በ15 ደቂቃ ውስጥ መልሶ መደወል። ለአለቃም ቢሆን ይህ ከነጥብ ማየት ይሻለዋል።

ማውስ የሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎችን የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። አትግዙ። ሶፍትዌር ከሆነ በሚሠሩ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ይወጣል። በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ኮምፒውተሩ አዲስ መሣሪያ አድርጎ ይመዘግበዋል። ማውሱን ከታች የሚያሽከረክረው ሜካኒካል ዓይነት ምንም አይመዘገብም ይባላል፤ የሚያጋልጠው ስክሪንሾቱ ነው። ማውስ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲንቀሳቀስ ኪቦርድ ዜሮ፣ ስድስቱም ምስል አንድ ዓይነት። በ2024 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ባንክ የኪቦርድ እንቅስቃሴን አስመስለዋል ብሎ ከ12 በላይ ሠራተኞችን አሰናብቷል። እዚያ ሥራ ያሳጣቸው እረፍቱ አልነበረም፣ ማስመሰሉ እንጂ።

በሌላው ወገን ደግሞ መቆጣጠሩም ልክ አለው። በታኅሣሥ 2024 የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን አንድን የሪል እስቴት ድርጅት 40 ሺህ ዩሮ ቀጥቷል፤ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ ከ3 እስከ 15 ደቂቃ ኪቦርድና ማውስ ካልተነካ «አልሠራም» ብሎ ይቆጥር ነበር፣ ስክሪንም ያነሳ ነበር። የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ ደንብ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ያለ አጭር እረፍት የሚከፈልበት ሥራ ነው ይላል፤ ከቤት ለሚሠሩም እንደሚሠራ በየካቲት 2023 ተብራርቷል። መንዝ፣ መሃል ሜዳ ከተማ ተቀምጦ በፍሪላንስ (ሳይቀጠር በውል) ለሚሠራ ሰው እነዚህ ሕጎች አይደርሱለትም፤ ውል ሲፈርም ግን «ለራሳችሁ ሠራተኞች የምታደርጉትን» ብሎ ለመደራደር ይረዱታል።

በአገር ውስጥ ድርጅት የተቀጠረ ሰው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይያዝ። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። አንቀጽ 61 የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው በትክክል የሚሠራበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ነው። «ፋይሉ እስኪደርስህ ጠብቅ» ተብላችሁ የተቀመጣችሁበት ሰዓት፣ ቢጫም ብትሆኑ፣ ሥራ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ «ይህቺን ብቻ ጨርሳት» የሚል መልእክት ከመጣ ትርፍ ሰዓት ነው፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በመደበኛው ክፍያ 1.5 ይባዛል፣ ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ መሠራት ስላለበት መልእክቱን አትሰርዙት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ምን እንደሚሰበሰብ፣ ለምን እንደሚውል መጠየቅ መብት ሆኗል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ስክሪን ይነሳል ወይ? ካሜራስ? ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።

ስክሪንሾት እንደሚነሳ ካወቃችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ለሥራ ብቻ የሚሆን ሌላ የተጠቃሚ አካውንት ክፈቱ። የባንክ ገጽ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የቤተሰብ ፎቶ እዚያ አይግባ። ሁለተኛ ስክሪን ካለ እሱም እንደሚነሳ ቁጠሩት። አፕወርክ ላይ ያልተገባ ምስል ከተነሳ ራሳችሁ ልትሰርዙት ትችላላችሁ፣ ከምስሉ ጋር ግን የዚያ 10 ደቂቃ ክፍያም ይሄዳል።

ለአሜሪካ የሚሠራ ሰው ከኒውዮርክ ሰዓት ጋር ሲሄድ በክረምታቸው ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይቀመጣል። ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ በረከት ነው፣ ቀኑ ይሞቃልና። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሌሊት ብርድ ነው። ጉልበት ላይ ባና፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት፣ በየሰዓቱ ተነስቶ 5 ደቂቃ መንጎራደድ። ከሰል ግን ተጠንቀቁ። ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ አልቆ ቢገባም ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ሌሊት ራስ ምታትና ድብርት ከመጣ «እንቅልፍ ነው» ብላችሁ ሌላ ቡና አትጨምሩ፤ መስኮት ክፈቱ፣ ከክፍሉም ውጡ። ለዓይን ደግሞ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ይበቃል፤ የጎረቤት ቆርቆሮም ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባይጠፋም ራውተሩ ይጠፋል፤ አለቃ ዘንድ «ሳይናገር ሄደ» ይመስላል። ወዲያው ከስልክ ዳታ «መብራት ጠፍቷል፣ ከ7:10 ጀምሮ» ብላችሁ ላኩ፤ እስኪመጣ አትጠብቁ። ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) መግዛት ለሚያስብ፣ 8,800 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ የሚሸጠው በ3.7 ቮልት ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ግድም ነው፤ 9 ዋት የሚወስድ ራውተርን በተግባር 3 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ከመሰካታችሁ በፊት የራውተሩን ጀርባ አንብቡ፤ አንዳንዱ 9 ቮልት፣ አንዳንዱ 12 ቮልት ነው፣ የ9ኙን ከ12ቱ ላይ የሰካ ሰው ራውተር መግዛቱ አይቀርም።